ኳንተም ወልቂጤ የመጣ ጊዜ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ ወልቂጤ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ክሊራንስ ይዤ ከክፍል ክፍል ስዞር፣ የሰው ሀብት ባለሙያዋ ፋይሌን አገላብጣ አገላብጣ «እትዬ ዘይነባ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና ሥራዎ በትክክል ምን ነበር?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ፋይሌ ላይ የሥራ መደቤ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። የላብ ቴክኒሽያን ይላል፣ የፕላዝማ ተቆጣጣሪ ይላል፣ የሳይንስ ትምህርት ባለሙያ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ አፈጻጸም ክትትል ከፍተኛ ባለሙያ ይላል። ይሄን የመጨረሻውን እኔም በአንድ ትንፋሽ አልጨርሰውም።

«ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄዋ የሚገባ ጥያቄ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሷ መልስ እንዲሆን ነው። ደግሞም የሠሩኝ ሰዎች ውለታ በልቤ ብቻ ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

የተወለድኩት መስቃን ውስጥ፣ ለቡታጅራ ቅርብ በሆነ ገጠር ነው። አባቴ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ይነግድ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የቴክኒሽያን ሥልጠና ወስጄ፣ መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቡታጅራ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። አባቴ ሥራዬን ሊያይ የመጣ ዕለት ነጭ ጋዋን ለብሼ የብርጭቆ ቱቦ ሳጥብ አገኘኝ። በሩ ላይ ቆሞ ቆሞ፣ «ልጄ፣ ይሄን ለማጠብ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አለኝ። የመለሱለት ከጥግ ተቀምጠው ሽቦ ይልጡ የነበሩት የፊዚክስ መምህሩ ጋሽ ሳህሌ ነበሩ።

«እርስዎ በርበሬ ሲገዙ ጆንያውን ከላይ ብቻ አይተው ነው የሚገዙት?» አሉት።

«ወላሂ አልገዛም! እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ ከሥር አውጥቼ ነው የማየው።»

«እሷም የተቀጠረችው ለዚሁ ነው። ተማሪዎቹ መጽሐፍ ላይ ያነበቡትን ከሥር አውጥተው እንዲያዩ።»

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ ለጠየቀው ሁሉ «ልጄ ሳይንስ ታስመረምራለች» ይል ነበር። አላህ ይዘንለት።

ጋሽ ሳህሌ የቸሃ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት አንድ ካፖርት የማይለያቸው። ንግግራቸው ረጋ ያለ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ አማርኛቸው ውስጥ ጉራጊኛው ብቅ ይላል። ቤተ ሙከራውን ከእኔ ጋር የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ለዓመታት ተቆልፎ ነበርና ስንከፍተው ውስጡ የተሰበረ ወንበርና የአይጥ ጎጆ ብቻ ነበር የሚመስለው። አንድ ሳምንት ሙሉ ስንጠርግ አንዲትም ነገር አላስጣሉኝም። የተሰነጠቀ ሌንስ፣ የዛገ ብሎን፣ የተቋረጠ ሽቦ፣ ሁሉም በየካርቶኑ ገባ።

ስለ እሳቸው ልማድ ከጠየቃችሁኝ ሁለቱን እነግራችኋለሁ። አንደኛው አንዲት ጥያቄ ናት። ክፍል ከመግባታቸው በፊት «ይሄ ትራንስፎርመር ይሠራል?» ይሉኛል። «ይሠራል» እላለሁ።

«ዛሬ አይተሽዋል?»

«ባለፈው ሳምንት ሞክሬዋለሁ፣ ጋሽ ሳህሌ።»

«ባለፈው ሳምንትማ እኔም ይሄ ጥርሴ ነበረኝ» ብለው ሐሙስ ዕለት ያስነቀሉትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። እየሳቅኩ ሄጄ ሰካሁት። አልሠራም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ደብተራቸው ነው። ከፊት በኩል የተሳካላቸውን ሙከራ ይጽፋሉ፤ ደብተሩን ገልብጠው ከኋላ በኩል ደግሞ ያልተሳካውን ይጽፋሉ። የኋላው ሁልጊዜ ይበልጥ ነበር። መጀመሪያ ያፍሩበታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለአዲስ መምህር የሚያሳዩት የኋላውን ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ መጨረሻ ላይ ስለ ኳንተም የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ብርሃን አንድ ላይ እንደ ወንዝ ብቻ የሚፈስ ሳይሆን በጥቃቅን ስፍር ተከፋፍሎ የሚመጣ ነው ይላል፤ የአንዱ ዓይነት ብርሃን ስፍር ትንሽ፣ የሌላው ትልቅ። ይህን ምዕራፍ ሁሉም መምህር በጠመኔ ብቻ አስተምሮ ያልፈዋል። አንድ ቀን ጋሽ ሳህሌ ጠመኔውን አስቀምጠው «ዘይነባ፣ ይሄን እኔ ራሴ አይቼው አላውቅም። ሳላየው ሃያ ዓመት አስተማርኩት» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ሐፍረት ዛሬም አልረሳውም።

ልንሠራው ተነሳን። ኤሌክትሮስኮፕ የሚባለውን፣ በአንድ ነገር ላይ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ቻርጅ የሚሉት፣ መኖሩን የሚያሳየውን ዕቃ፣ ከማርማላታ ጠርሙስ ሠራነው። ክዳኑን ቀደን ሻማ አቅልጠን አፈሰስንበት፤ ሻማ ሙሉን አያሳልፍምና። በሻማው መካከል የመዳብ ሽቦ አሳለፍን። ከሽቦው ጫፍ ላይ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክረን ልጠን ሁለት ቀጫጭን ቅጠል አንጠለጠልን። ሙል ሲኖር ሁለቱ ቅጠሎች ይገፋፉና ይከፈታሉ፤ ሙሉ ሲጠፋ ይከደናሉ። ከላይ የሚቀመጠውን ዚንክ ያገኘነው ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ነው። ቆርቆሮውን ቀደን፣ ቀጥቅጠን፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተግነው።

የቸገረን መብራቱ ነበር። ዓይን የማያየው፣ ስፍሩ ትልቅ የሆነ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ያስፈልጋል። ጋሽ ሳህሌ አታት አካባቢ በጤና ሥራ ላይ ያለ ዘመድ ነበራቸው፤ ክፍል ከጀርም ለማጽዳት የሚያገለግል፣ መያዣው ተሰብሮ የተጣለ መብራት በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከፍሎረሰንት መብራት በተነቀለ ባላስት በሚባል ማስነሻ አስነሳነው። ያ ብርሃን ዓይን ይጎዳልና ጋሽ ሳህሌ መጀመሪያ የሠሩለት የጣውላ ሣጥን ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ያላት፣ እሷም ወደ ዚንኩ የምትመለከት።

ወሩ ሐምሌ ነበር። የፕላስቲክ ቱቦ በሱፍ ጨርቅ ፈትገን ዚንኩን ስንነካው ቅጠሎቹ ይከፈቱና መብራቱን ሳናበራ ራሳቸው ይከደናሉ። እርጥበት ነው። ከኋላ ተጻፈ። ደገምን፤ ከኋላ ተጻፈ። በጥቅምት ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አድርቀን ስንሞክረው ቅጠሎቹ ተከፍተው ቆሙ። ተራ አምፖል አቀረብን፤ ምንም። ትልቅ አምፖል አቀረብን፤ ምንም። ሣጥኑን አዙረን ያን ደካማ መብራት ስናበራ ቅጠሎቹ ቀስ ብለው ይከደኑ ጀመር። መስታወት ስንጋርድበት ቆመ፤ ስናነሳው ቀጠለ።

ጋሽ ሳህሌ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ካፖርቱን ሲያወልቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አየሽው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«እንግዲህ አሁን አስተማሪ ልባል።»

ከዚያ ፕላዝማ መጣ። በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት ከሩቅ ይተላለፍ ጀመር። የሳይንስ ትምህርት በአገሩ ሁሉ እኩል እንዲሆን ታስቦ ነው፤ ሐሳቡን አልጠላሁትም። እኔ ግን ከቤተ ሙከራ ወጥቼ ዲኮደርና ጄኔሬተር ተቆጣጣሪ ሆንኩ። መብራት ሲሄድ ናፍጣ መሙላት፣ ሲመጣ ማጥፋት። ጋሽ ሳህሌ በዚያው ዘመን ጡረታ ወጥተው ቸሃ ገቡ። እኔም በክረምት ክረምት ተምሬ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለ፣ ወልቂጤም ተዛወርኩ።

የዞኑ የሥራ ሂደት ኃላፊ አቶ ታምሩ ይባላሉ። ሩጫ የማያልቅባቸው፣ ምሳቸውን ቆመው የሚበሉ፣ በሰው ላይ ግን ክፋት የሌላቸው አለቃ ነበሩ። ዘመኑ «ሰባ ሠላሳ» የሚባለው ፖሊሲ የመጣበት ነው፤ ከመቶው ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ የሚያዝ። አገር በቴክኖሎጂ ወደፊት ትራመድ የሚለው ቃል በየስብሰባው ይነገር ነበር። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ በቅጽ ነበር። ቅጽ ይመጣል፣ እንሞላለን፣ እንልካለን።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ይከብደኛል።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቅጽ መጣ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሥራ ላይ ያለ ቤተ ሙከራ አለ ወይስ የለም፣ ነው ጥያቄው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይላክ ተባለ። አብዛኞቹን አውቃቸው ነበር። ቸሃ ውስጥ ያለውን አንዱን ግን ረግጬው አላውቅም፤ መንገዱም በዝናብ ተቆርጧል። ስልክ ደወልኩ። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ «አለን፣ ክፍሉ አለ» አለኝ።

ክፍሉ አለ። በሥራ ላይ ያለ ቤተ ሙከራ አለ አላለኝም። ልዩነቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። ብዕሬን አንስቼ «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አቶ ታምሩ አላስገደዱኝም፤ ማንም አላስገደደኝም። ሰዓቱ ደርሶ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከወራት በኋላ የቤተ ሙከራ ዕቃ በካርቶን በካርቶን ሆኖ መጣ። የታደለው «የለም» ለተባሉት ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ጫማው በጭቃ የተለወሰ መምህር ቢሮዬ ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም። ከድር እባላለሁ፤ ቸሃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የእኛ ትምህርት ቤት ስም ከዝርዝሩ ጠፋብኝ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። እናንተማ ቤተ ሙከራ አላችሁ እኮ።»

«ማን አለ?»

የቅጹን ግልባጭ አውጥቼ ፊርማዬን አሳየሁት።

«እርስዎ መጥተው አይተውታል?» አለኝ። በንዴት አልነበረም፤ በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

በማግስቱ ከጉብሬ ሚኒባስ ይዘን፣ የቀረውን በእግራችን አብሬው ሄድኩ። ክፍሉን ከፈተልኝ። ጣሪያው በአንድ በኩል ተንዷል። ግድግዳውን ምስጥ በልቶታል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ የተሰበረ ቴርሞሜትር ብቻ ነበር። ከደጅ ተማሪዎች በመስኮት ያዩን ነበር፤ ዕቃ ያመጣሁላቸው መስሏቸው።

ወልቂጤ ተመልሼ ለአቶ ታምሩ ነገርኳቸው። «ለዚህ ዙር አልቋል፤ ለሚቀጥለው እናስገባቸዋለን» አሉኝ። የሚቀጥለው ዙር ቶሎ አልመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከድር ስለ አንዲት ተማሪው ነገረኝ። በላይነሽ ትባላለች። ከዚያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪካል ምህንድስና የገባች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሰንጋ አርደው ነው የሸኟት። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያ አገናኚ ስትባል፣ በሥዕል ብቻ እንጂ በእጇ ይዛው አታውቅምና ገልብጣ አገናኝታ አቃጠለችው። አብረዋት ያሉት ሳቁባት። ሴሚስተሩን ሳትጨርስ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች።

«ጎበዝ ነበረች» አለ ከድር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ሳህሌ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ጀፎረው ላይ ነው፤ ጀፎረ ማለት ሁለት ረድፍ ቤቶች የሚተያዩበት ሰፊው የመንደሩ መስክ ነው። ከእንሰቱ ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ባለቤታቸው ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ፤ ሳልነካው ተውኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ቅጹን፣ ልጅቱን።

ከዚያ «ጽፈሽዋል?» አሉኝ።

«የት?»

«ከኋላ በኩል።»

«እኔ እንደ እርስዎ ደብተር የለኝም፣ ጋሽ ሳህሌ።»

«ቅጽ ላይ ነው የተሳሳትሽው፤ ቅጽ የሚሄድበት ቦታ ሄደሽ አርሚው። ለእኔ መንገርሽ ያንቺን ልብ ያቀልላል እንጂ ለዚያች ልጅ ምን ይጠቅማታል?»

ይህን ካሉኝ በኋላ ቆጮውን እንድበላ ተቆጡኝ። ጉራጊኛው ብቅ አለ። በላሁ።

ቅጹ ወደ ሄደበት ቢሮ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንድ ሳይሆን ሦስት። መልስ አልመጣም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በነሐሴ ወር፣ ረቂቅ ሰነድ ይዘው እንግዳ ከአዲስ አበባ መጡ። ወልቂጤ አዳራሽ ውስጥ የሁለት ቀን ውይይት ተጠራ፤ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ አርሶ አደሮች፣ የቢሮ ሰዎች። ሰነዱ አገሪቱ በሚመጣው ዘመን በየትኞቹ ቴክኖሎጂዎች ከቀዳሚዎቹ ተርታ እንድትሰለፍ መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ «የኳንተም ቴክኖሎጂ» የሚል አለ። እንግዳው የተማሩ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። ማንም ሊሰብረው የማይችል ምስጢራዊ መልእክት፣ ዛሬ ያሉት ኮምፒውተሮች የማይችሉትን የሚያሰላ ማሽን፣ በሽታን ቀድሞ የሚለይ መሣሪያ፤ አገሮች ሁሉ ለዚህ እየተሽቀዳደሙ ነው፣ እኛም ሰው ማዘጋጀት ያለብን ከዛሬ ነው አሉ።

የቡታጅራ ነጋዴዎችን ወክለው የመጡት ሀጂ ሸምሱ እጃቸውን አወጡ።

«ዶክተር፣ አላህ ይስጥልን። ግን ይሄ ኳንተም የምትሉት ነገር ምንድን ነው? ድጋፍ ስጡ ብላችሁናል፤ እኔ የማላውቀውን ነገር እንዴት ብዬ ነው የምደግፈው?»

አዳራሹ ሳቀ። እንግዳው አልሳቁም፤ ከሰነዱ ላይ ትርጓሜውን አነበቡ። ሀጂ ሸምሱ በትሕትና «አሁንም አልገባኝም» ብለው ተቀመጡ። ዙሪያዬን ሳይ የገባው ሰው የለም፤ አቶ ታምሩም ጭምር ወረቀታቸውን ያያሉ።

በሻይ ሰዓት ከድርን ፈልጌ አገኘሁት። «ነገ ጠዋት እናሳያቸው» አልኩት። ያ ኤሌክትሮስኮፕና ሣጥን ጋሽ ሳህሌ ጡረታ ሲወጡ የሰጡኝ ነበርና ቤቴ አለ። ቀጥዬ አቶ ታምሩን አስፈቀድኩ። «ዘይነባ፣ ነሐሴ ነው፤ እንዳታሳፍሪን» አሉኝ። ፈቀዱ ግን።

በማግስቱ መድረኩ ላይ ዕቃውን ደረደርን። አዳራሹ ሞልቷል፣ ውጪ ይዘንባል፣ የሰው ትንፋሽና የረጠበ ልብስ አየሩን አክብዶታል። ከድር ቱቦውን ፈትጎ ዚንኩን ነካ። ቅጠሎቹ ተከፈቱ፣ ወዲያው ወደቁ። ደገመ። ወደቁ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ሳል አለ። አቶ ታምሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«እርጥበቱ ነው» አልኩ በማይክራፎኑ። «አሁን ያያችሁት ያልሠራ ሙከራ ነው። አሥር ደቂቃ ስጡን።»

ከድር ከአዳራሹ ማዶ ወዳለው የሴቶች ፀጉር ቤት ሮጠ። ባለቤቷ የፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ ራሷ መጣች፤ «ዕቃዬን ለማንም አልሰጥም፣ እኔው አደርቅላችኋለሁ» ብላ። ጠርሙሱን፣ ሻማውን፣ ቱቦውን ቀስ አድርጋ አደረቀችልን። ሻማው እንዳይቀልጥ ራቅ አድርጊው ስላት «የሰው ራስ ሳላቃጥል ስንት ዓመት ሠርቻለሁ» አለችኝ። ዚንኩን እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት።

ከድር ነካ። ቅጠሎቹ ተከፈቱ። ቆሙ።

ሀጂ ሸምሱን ወደ መድረክ ጠራኋቸው። ትልቁን አምፖል ራሳቸው እንዲያቀርቡት አደረግኩ። ዓይን ያጥበረብራል፤ ቅጠሎቹ ግን አልተነቃነቁም። ከዚያ የሣጥኑን ደካማ መብራት አበራን። ቅጠሎቹ እያየናቸው ተከደኑ።

«ይሄ ትልቁ ያልቻለውን ያ ትንሹ እንዴት ቻለ?» አሉ ሀጂ ሸምሱ።

«ብርሃን በስፍር ነው የሚመጣው፣ ሀጂ። የትልቁ አምፖል ስፍሮች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን ትንሽ ነው። የዚህኛው ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን ትልቅ ነው። ከዚንኩ ላይ ሙሉን የሚነቅለው አንድ ትልቅ ስፍር ነው፤ ትናንሾቹ ተራ በተራ ቢመጡ አይነቅሉትም።»

ሀጂ ትንሽ አሰቡ። «ማለት ሕፃናት ተራ በተራ እየመጡ ጆንያ በርበሬ ቢገፉ ጆንያው አይነሳም፤ አንድ ጎረምሳ ግን ይሸከመዋል።»

«እሱ ነው።»

«እና ኳንተም ማለት ስፍር ማለት ነው በሉና! ይሄን ትናንት ብትሉኝ ምን ነበረበት?»

ሳቁ ጭብጨባ ሆነ። እንግዳው ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ጎንበስ ብለው ቅጠሎቹን ያዩ ነበር። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ወርጄ ብቀመጥ ማንም አይወቅሰኝም። ጡረታዬ ቀርቧል፤ ሐሰተኛ ሪፖርት ደግሞ በዲሲፕሊን እንደሚያስጠይቅ አውቃለሁ።

«አንድ ነገር ልጨምር» አልኩ። «አጠገቤ የቆመው መምህር ከድር ይባላል። በእሱ ትምህርት ቤት ይሄን ማሳየት አይቻልም፤ ቤተ ሙከራ የለውም። ሰነዶቻችን ላይ ግን አለው ይላል። አለው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ጻፍኩ። በዚያ የተነሳ ዕቃ ቀረባቸው፣ አንዲት ጎበዝ ልጅም ምህንድስናዋን ጥላ ተመለሰች። እርማት ጽፌ ልኬ ነበር፤ እስካሁን አልታረመም። ረቂቁ ላይ ኳንተም መኖሩ ደስ ብሎኛል። ግን አስተያየቴን ትቀበሉኝ እንደሆነ፣ በየሁለተኛ ደረጃው አንድ የላብ ቴክኒሽያን ይቀጠር፣ ቅጹንም ሄዶ ያየ ሰው ብቻ ይሙላው የሚል ይጨመርበት።»

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ታምሩ ነበሩ። ቆሙ፤ ወቀሳቸውን ስጠብቅ «ወይዘሮ ዘይነባ ጉዳዩን ነግረውኝ ነበር። ለሌላ ዙር ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። ይሄም ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ» አሉ። ቆመው ምሳ የሚበሉት እኚያ ሰው ያን ቀን ያደረጉልኝን እስክሞት አልረሳውም። እንግዳው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፤ ቀና ብለውም «የልጅቷ ስም ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከድር ነገራቸው።

ረቂቁ በመጨረሻ ምን እንደሆነ፣ ኳንተሙ የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ እኔ ዘንድ የሚደርስ ነገር አልነበረም። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ዞኑ ግን በራሱ ዕቅድ ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች የላብ ቴክኒሽያን መደብ ከፈተ። የከድር ትምህርት ቤት ጣሪያ ወላጆችና ወረዳው ተጋግዘው ጠገኑት፤ ዕቃውም በሚቀጥለው ዓመት ደረሰ። ጋሽ ሳህሌ ይህን ሁሉ ከእኔ አፍ ሰምተው ነው ያረፉት። ከኋላ የተጻፈበትን ደብተራቸውን ባለቤታቸው ለከድር ሰጡት።

ጡረታ ልወጣ ወር ሲቀረኝ የመጨረሻ የመስክ ሥራዬን ቸሃ አደረግኩ። ቤተ ሙከራው በር ላይ ስደርስ አንዲት ወጣት ሴት ነጭ ጋዋን ለብሳ ሽቦ ትዘረጋለች። በላይነሽ ናት። የቴክኒሽያን ሥልጠና ወስዳ፣ በተከፈተው መደብ ላይ ተወዳድራ ገብታለች። ፊቷን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስሟን ጋዋኑ ላይ ነው ያነበብኩት።

«በላይነሽ፣ እኔ ዘይነባ እባላለሁ» አልኳት። «ከወልቂጤ ነኝ። ያኔ ስለ ትምህርት ቤታችሁ በስህተት የጻፍኩት...»

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። «መምህር ከድር ነግረውኛል።» እጇ ሽቦውን አልለቀቀም። «ያኔ ባገኝዎ ኖሮ ምን እንደምልዎ አላውቅም። በጣም አዝኜ ነበር። ከቤት ሳልወጣ አንድ ክረምት ከርሜያለሁ።»

«ይቅር በይኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎቹ እየተጋፉ ገቡ፣ እኔም ወደ መስኮቱ ሸሸሁላቸው። በየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ሆነው መለኪያ ያዙ። አንዷ ልጅ ሽቦውን ገልብጣ ልታገናኝ ስትል በላይነሽ ሮጣ እጇን ያዘችና ቀስ ብላ አዞረችላት፤ «እንዲህ ነው፤ አይዞሽ፣ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ» አለቻት። ቆሜ ሳይ ዓይኔ ሞላ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይቅር ብያለሁ። አሁን ግን እባክዎ ከመስኮቱ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ብርሃኑን ጋርደውባቸዋል።»

ፈቀቅ አልኩ።